በካምቢዮ ውስጥ ያለው የትራክተር የዘይት ፓምፕ ሲበላሽ ነውሩ ስለሚታወቅበትና ስለሚጠገንበት መንገድ

ትራክተር ያለው ባለርስት፣ ወይም በግዛቱ ውስጥ ትራክተር የሚሠራለት ሹም፣ ይህን ነገር አንድ ቀን ማየቱ አይቀርም። ሞተሩ በደኅና ይነሣል፤ መንኰራኵሩም ይዞራል፤ ማረሻው ግን ከመሬት አልነሣም ይላል። ነጂው የማንሻውን እጀታ ወደ ላይ ቢስበው፣ ወደ ታችም ቢመልሰው፣ ለውጥ የለም። በዚያን ጊዜ ፈጥኖ የሚሰማው ቃል «ፓምፑ ሞቷል» የሚል ነው። ከዚህ ቃል በኋላ ካምቢዮው ይከፈታል፤ አዲስ ፓምፕ ይታዘዛል፤ ዕቃው እስኪደርስም ድረስ ዝናሙ ይመጣና የእርሻው ወራት ያልፋል። ይልቁንም የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ ተፈቶ ሲታይ ፓምፑ ያለ ነውር ሆኖ መገኘቱ ነው። ስለዚህ መኪናውን ከመፍታት አስቀድሞ የብልሽቱን ምክንያት ለይቶ ማወቅ ይገባል፤ ለይቶ ማወቁም ከጥቂት መፍቻና ከትዕግሥት በቀር ብዙ ዕቃ አይጠይቅም።

ለምሳሌ የሚሆነው ትንሹ ፈርጉሰን ቲ ኢ 20 ነው። ይህ ትራክተር የአየርላንድ ተወላጅ በሆነው በሃሪ ፈርጉሰን ሐሳብ ተሠርቶ፣ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ከ1946 እስከ 1956 በአውሮፓ አቆጣጠር ከ500,000 በላይ ሆኖ የወጣ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ማሲ ፈርጉሰን 35 እና 135 ሥርዓቱን አሻሽለው ስለ ወረሱት፣ ከዚህ በታች የሚነገረው አብዛኛው ነገር ለእነርሱም ይሆናል። ፈርጉሰን የለወጠው ነገር፣ ማረሻ እንደ ጋሪ ከኋላ ከመጎተት ይልቅ በሦስት ቦታ ተያይዞ ከትራክተሩ ጋር እንደ አንድ አካል እንዲሆን፣ የማንሣቱንም ሥራ ዘይት እንዲሠራው ማድረጉ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ከካምቢዮው በስተኋላ፣ በዘይቱ ውስጥ ተነክሮ፣ አራት ፒስተን ያለው ትንሽ ፓምፕ ይገኛል። ከሞተሩ ኃይል ተቀብሎ ወደ ኋላ የሚያወጣው ዘንግ በፓምፑ መካከል አልፎ ሲዞር፣ ፒስተኖቹ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ዘይቱን ይስባሉ፤ በቧንቧም ወደ ላይኛው ክዳን ይገፉታል። በክዳኑ ሥር ባለው ሲሊንደር ውስጥ ዘይቱ ሲሞላ ትልቁን ፒስተን ይገፋል፤ ይህም ሁለቱን የማንሻ ክንዶች ያነሣል። ለማውረድ ግን ፓምፑ አይሠራም፤ ዘይቱ ሲለቀቅ ማረሻው በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ የሚጠብቅ ቫልቭም አለ፤ በአንድ ካሬ ኢንች ላይ ከ2,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ግፊት ሲደርስበት ተከፍቶ ዘይቱን ወደ ታች ይመልሳል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባ ነገር አለ። ማርሾቹን የሚያለሰልሰው፣ የኋላውን ዲፈረንሻል የሚያጥበው፣ ፓምፑም የሚገፋው ዘይት ሁሉ አንድ ነው፤ በአንድ ጎድጓዳ አካል ውስጥ ይኖራል፤ ልኩም 27 ሊትር ያህል ነው። ከማርሽ ተፍቆ የሚወድቀው የብረት ብናኝና በማርሽ መለወጫው ሥር ሾልኮ የሚገባው የዝናም ውኃ ወደ ታች ወርዶ ፓምፑ ከሚጠጣበት ቦታ ይተኛል። የፓምፕ ብልሽት ከሚባለው የሚበዛው ከዚህ የሚነሣ ነው።

መርማሪው መጀመሪያ ሊመለከት የሚገባው የኃይል ማውጫውን ዘንግ የምታገናኘውን እጀታ ነው። በቲ ኢ 20 ላይ ፓምፑ የሚዞረው ይህች እጀታ ስትገባ ብቻ ነው። እጀታዋ ወጥታ እንደ ሆነ፣ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢጮኽ ማረሻው አይነሣም። እንዲሁም ፍሪሲዮን ሲረገጥ ፓምፑ ይቆማል፤ ፍሪሲዮን ረግጦ ማረሻ ለማንሣት የሚታገል አዲስ ነጂ በከንቱ ይደክማል። ይህ ሊነገር የማይገባው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሠላሳ ቡሎን ከተፈታ በኋላ ከሚታሰብ ይልቅ አስቀድሞ ቢታይ ይሻላል።

ቀጥሎ ዘይቱ ይለካል። ትራክተሩ በተስተካከለ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ማረሻው መሬት ነክቶ፣ ሞተሩም ጠፍቶ በመለኪያው ዘንግ ይታያል። ዘይቱ የጎደለ እንደ ሆነ ፓምፑ ከዘይቱ ጋር ነፋስ ይስባል፤ ድምፁ ወደ ልቅሶ ይመለሳል፤ ዘይቱም አረፋ ይይዛል። የዘይቱ ቀለም ነጣ ብሎ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ እንደ ሆነ ደግሞ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ለማረጋገጥ ትራክተሩን ሌሊቱን አቁሞ ማሳደር፣ ጠዋትም ሞተሩ ሳይነሣ የታችኛውን የማፍሰሻ ቡሎን ጥቂት ማላላት ነው። ከዘይቱ ጋር ያልተዋሐደው ውኃ ስለሚከብድ ቀድሞ ይወጣል። እንዲህ የሆነውን ዘይት በሙሉ አፍስሶ በአዲስ መለወጥ ይገባል። በላዩ ጥቂት አዲስ ዘይት መጨመር ብቻ ግን የተበላሸ ወጥ ላይ ቅቤ እንደ መጨመር ነው።

ክረምቱን በደጅ ቆሞ የከረመ ትራክተር ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው፣ ዘይት ወደ ፓምፑ እንዲገባና እንዲለቀቅ የሚያዝዘው ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቫልቭ በዝገት ስለሚጣበቅ ነው። ቫልቩ በመልቀቂያው በኩል የተጣበቀ እንደ ሆነ ማረሻው አይነሣም። በመሳቢያው በኩል የተጣበቀ እንደ ሆነ ግን ተነሥቶ አልወርድም ይላል፤ የግፊት ጠባቂው ቫልቭም እየተከፈተ ያለ ማቋረጥ ይጮኻል። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዘይቱን ከጎኑ ክዳን በታች እስኪሆን ድረስ ቀንሶ፣ ክዳኑን ፈትቶ፣ የቫልቩን ማንቀሳቀሻ በካቻቢቴ ጫፍ በቀስታ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው። በመዶሻ መምታት ግን ክልክል ነው፤ ቫልቩ ቢጫር ሌላ ለማግኘት ያስቸግራል።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ በኋላ ፓምፑን መጠርጠር ይገባል። ያን ጊዜም ቢሆን ጥፋቱ በፓምፑ ይሁን ወይም በላይኛው ሲሊንደር፣ ትራክተሩ ራሱ በጠባዩ ይናገራል። ማረሻው በደኅና ተነሥቶ፣ ሞተሩ ሲጠፋ እጀታው ከላይ ሳለ ወዲያው የሚወርድ ከሆነ፣ ፓምፑ መግፋቱን አሳይቷል፤ የተገፋው ዘይት ነው የሚሾልከው። መሾለኪያውም የትልቁ ፒስተን ቀለበት፣ ወይም የቧንቧው ላስቲክ፣ ወይም በሚገባ ያልተዘጋ ቫልቭ ይሆናል። ክንዶቹ እየዘለሉ፣ አንድ ጊዜ ተነሥተው አንድ ጊዜ ቆም እያሉ የሚወጡ ከሆነ ግን፣ ከፓምፑ ፒስተኖች ያንዱ መግቢያ ወይም መውጫ ቫልቭ አይዘጋም፤ ሦስቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ያባክናል። ባዶውን ክንድ አንሥቶ ማረሻ ሲጫንበት እንቢ የሚል፣ የግፊት ጠባቂው ቫልቭ ደክሞ ቶሎ ስለሚከፈት ሊሆን ይችላል። ጠዋት በደኅና ሠርቶ፣ እኩለ ቀን ላይ ዘይቱ ሲግል የሚደክም ትራክተር ደግሞ አርጅቷል፤ የቀጠነው ዘይት በተበላው ብረት መካከል ያመልጣል። ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚሻው ይህ የመጨረሻው ነው፤ በማለዳ መርምሮ «ደኅና ነው» ብሎ የሚሄድ መካኒክ አይቶ አላየም።

ለዓይን ማስረጃ የሚፈልግ ሰው የጎኑን ክዳን እንደ ተከፈተ ትቶ፣ ማረሻው ተጭኖበት ሞተሩን በዝግታ አስነሥቶ፣ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ቢመለከት፣ ዘይቱ ከየት እንደሚረጭ ያያል። ነገር ግን በዚህን ጊዜ እጅን ወደ ውስጥ መስደድ ፈጽሞ ክልክል ነው። ዘንጉ ይዞራል፤ በቀጭን ቀዳዳ የሚወጣውም ዘይት ቆዳ በስቶ ከሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ቢመስልም ያለ መዘግየት ከሐኪም ካልተደረሰ እጅ እስከ መቈረጥ ያደርሳል። ሰው በተነሣ ማረሻ ሥር እንዳይገባም ነጂዎች ሁሉ ሊታዘዙ ይገባል፤ ማረሻውን በላይ የያዘው ዘይት ብቻ ነውና፣ እጀታዋን ሕፃን ቢነካት ይወድቃል። መግባት ግድ ከሆነ ጠንካራ ግንድ ከሥሩ ይደገፍ።

በዚህ ሁሉ ምርመራ ፓምፑ ጥፋተኛ የሆነ እንደ ሆነ ይወጣል። ዘይቱ በሙሉ ይፈስሳል፤ መቀመጫው ይነሣል፤ ወደ ላይኛው ክዳን የሚሄደው ቧንቧ ይወጣል፤ ክዳኑም ከባድ ስለ ሆነ በሰንሰለት ማንሻ ወይም በብርቱ ሰዎች ይነሣል። ከዚያ የኃይል ማውጫው ዘንግ ወደ ኋላ ተስቦ ሲወጣና ፓምፑን የሚይዙት ማያያዣዎች ሲፈቱ፣ ፓምፑ በላይ በኩል ይወጣል። ትራክተሩን ከመካከሉ ለሁለት መክፈል ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። ፓምፑ በነጭ ጋዝ ይታጠብ፤ በሚነጭ ጥጥና በአሮጌ ጋቢ ግን አይወልወል፤ አንዲት ክር ቫልቭ እንዳይዘጋ ለማድረግ ትበቃለችና። ብዙ ጊዜ መለወጥ የሚያስፈልጋቸው ቫልቮቹ፣ መቀመጫቸው፣ ላስቲኮቹና የግፊት ጠባቂው ቫልቭ ናቸው። አካሉና ፒስተኖቹ ካልተጫሩ እንደገና ይሠራሉ። ሙሉ ፓምፕ ከመግዛት የእነዚህን ጥቂት ዕቃዎች ዋጋ መክፈል እንደሚቀል ግልጽ ነው።

ክዳኑ ሲመለስ አንድ ወጥመድ አለ። ከክዳኑ ወደ ታች የሚወርደው የእጀታው ጫፍ ከፓምፑ ቫልቭ ማንቀሳቀሻ ጋር መያያዝ አለበት። ሳይያያዝ ክዳኑ ከታሰረ፣ አዲስ ፓምፕ እንኳ ቢገባ ማረሻው አይነሣም፤ መካኒኩም አዲሱን ፓምፕ ይራገማል። ስለዚህ ቡሎኖቹ ከመጥበቃቸው በፊት አንድ ሰው በጎኑ ቀዳዳ እየተመለከተ፣ ሌላው እጀታውን ከፍ ዝቅ አድርጎ ቫልቩ አብሮ መንቀሳቀሱን ማረጋገጥ ይገባል።

ሳይለዩ ፓምፕ መለወጥ የትራክተር ባለቤቶች ስሕተት ብቻ አይደለም። ቢ ኤም ደብልዩ ኤም 3 የተባለው ፈጣን የስፖርት አውቶሞቢል ከ2001 እስከ 2006 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ፍሪሲዮኑንና ማርሹን በነጂው እግር ፈንታ የዘይት ግፊት በሚሠራበት ካምቢዮ ጭምር ተሽጧል። በዚያም ፓምፑን የኤሌክትሪክ ሞተር ያዞረዋል። መኪናው ማርሽ አልገባም ሲል ባለቤቱ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ፓምፕ ያዝዛል፤ ጥፋቱ ግን ለሞተሩ ኤሌክትሪክ በምታቀብል ትንሽ ሪሌ፣ ወይም ግፊቱን በምታጠራቅመው ዕቃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ፓምፑ መዞር አለመዞሩን በጆሮ ማዳመጥ፣ ከዚያም ሪሌዋን መለወጥ፣ ከሁሉ የቀደመ ምርመራ ነው። ያ ሀብታም የሚያጣው ገንዘብ ነው፤ ገበሬ ግን ወራት ያጣል።

ፓምፑ ከተበላሸ በኋላ ሥራ እንዳይቋረጥ ሲሉ ማረሻውን ወይም ግንዱን በሰንሰለት ከትራክተሩ ከፍ ካለው ቦታ ወይም ከላይኛው ማያያዣ አስረው የሚጎትቱ ነጂዎች አሉ። ይህ ሰው የሚገድል ሥራ ነው። ጭነቱ ከመሬት ሲጣበቅ ትራክተሩ ከፊቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ በነጂው ላይ ይገለበጣል። መጎተት የሚገባው ከዝቅተኛው የመጎተቻ ብረት ብቻ ነው።

የፓምፕ መግዣ ወረቀት እንዲፈርም የሚቀርብለት ሹም ወይም ባለርስት መካኒኩን እነዚህን ይጠይቅ። የኃይል ማውጫው እጀታ ታይታለችን? ዘይቱ ስንት ሆነ፣ መልኩስ ምን ነበር? ማረሻው አልነሣም ያለው በብርድ ነው ወይስ በሙቀት? ሞተሩ ሲጠፋ ይወርዳልን? የጎኑ ክዳን ተከፍቶ ምን ታየ? ለእነዚህ መልስ የሌለው መካኒክ ፓምፑ መሞቱን አያውቅም፤ ገምቷል እንጂ። መልስ ያለው እንደ ሆነ ደግሞ ወረቀቱን ማዘግየት አይገባም፤ በሰኔ የዘገየ አንድ ሳምንት በጥር በአውድማው ላይ ይታያልና።

ከጥገናው በኋላ የተሞላው ዘይት ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላ ገና ሳይበርድ ፈስሶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይታይ። ብናኝ ያለበት ከሆነ እንደገና ይለወጥ፤ የማርሽ መለወጫውም ሽፋን ላስቲክ ተቀዶ እንደ ሆነ ክረምት ሳይገባ ይተካ።