ካምፒሎባክተርና ጊላን ባሬ፦ ተረትና እውነታ

ካምፒሎባክተር ጀጁኒ በዶሮና በከብት አንጀት የሚኖር፣ በጥሬ ሥጋ፣ ባልፈላ ወተትና በተበከለ ውሃ ወደ ሰው የሚተላለፍ ባክቴሪያ ነው። አብዛኛው ታማሚ ባክቴሪያው ከሚያስከትለው ተቅማጥ በሳምንት ገደማ ይድናል። ከ1,000 ታማሚዎች አንዱን ያህል ግን ጊላን ባሬ ሲንድረም የተባለ የነርቭ ሕመም ይይዘዋል።

ተረት፦ ድንገተኛ ሽባነት የብርድ፣ የምች ወይም የቡዳ ጣጣ ነው።
እውነታ፦ በአንዳንድ ካምፒሎባክተሮች ሽፋን ላይ ያለው ስኳር በሰው ነርቭ ላይ ካለው፣ ጋንግሊዮሳይድ ከተባለው ንጥረ ነገር ጋር ይመሳሰላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ነርቩንም ይመታል። የጡንቻ ድካሙ የሚጀምረው ከተቅማጡ ከ1 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ስለሆነ ሁለቱን የሚያያይዛቸው ሰው ጥቂት ነው።

ተረት፦ ካምፒሎባክተር ሁሉ አንድ ነው።
እውነታ፦ ሽፋኑን የሚሠሩት ጂኖች ይለያያሉ። በስኳሩ ላይ ሲያሊክ አሲድ የሚጨምር ጂን የሌለው ባክቴሪያ ነርቭን የሚመስል ሽፋን አይሠራም። ጂኑ ያላቸውም አንድ አይደሉም፤ ጂኑ በሚያስገኘው ኢንዛይም 51ኛ ቦታ ላይ ትሪዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ካለ ከእጅና እግር ድካም ጋር፣ አስፓራጂን ካለ ደግሞ የዓይን ጡንቻን ከሚያደክመው፣ ሚለር ፊሸር ከተባለው የጊላን ባሬ ዓይነት ጋር ይያያዛል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሐረማያ በሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናትም በአንድ ሕፃን ሰገራ ውስጥ በርካታ የካምፒሎባክተር ዝርያዎችን አግኝቷል።

ተረት፦ በሎሚና በጨው የታጠበ ዶሮ ንጹሕ ነው፤ የጥሬ ሥጋን ጀርም ደግሞ ሚጥሚጣና አረቄ ይገድሉታል።
እውነታ፦ አንዳቸውም አስተማማኝ አይደሉም፤ የሚገድለው በደንብ ማብሰል ነው። ለበዓል ዶሮ ቤት ውስጥ ሲታረድ፣ ሲንተከተክ የሚውለው ወጥ አያሰጋም። የሚያሰጋው ብልት በሚወጣበትና በሚታጠብበት ጊዜ ወደ ቢላ፣ መክተፊያና ሰላጣ የሚረጨው ውሃ ነው።

ተረት፦ ሰውነትን የሚያልፈሰፍስ ሽባነት ሁሉ ፖሊዮ ነው፤ መድኃኒትም የለውም።
እውነታ፦ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ድንገት ሲሽመደመድ በኢትዮጵያ ሪፖርት የሚደረገውና ሰገራው የሚመረመረው ፖሊዮን ለመለየት ነው፤ ፖሊዮ ካልሆነ አንዱ ዋና ምክንያት ጊላን ባሬ ነው። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነርቩን አያድንም፤ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን ወይም የፕላዝማ ልውውጥ ግን ማገገሙን ያፋጥናል። ሕመሙ የመተንፈሻ ጡንቻን ሊያደክም ስለሚችል፣ ከተቅማጥ በኋላ ከእግር ወደ ላይ የሚወጣ ድካም የተሰማው ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ አለበት።