ነርሶች ስለ መርፌ የተሟገቱት ለምንድን ነው?

ስለ ነርሶች የሠራተኛ ማኅበር ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የደመወዝ ጥያቄና የሥራ ማቆም አድማ ነው። ከምእመናን መካከልም «በሽተኛን ማስታመም አገልግሎት ነው፤ አገልጋይ ስለ ራሱ ደኅንነት ይሟገታልን?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው በቅን ልብ የሚቀርብ ስለሆነ በቅን ልብ ሊመለስ ይገባዋል። ስለዚህ በዚህ እትም በአሜሪካ የነርሶችና የሌሎች የሆስፒታል ሠራተኞች ማኅበራት ስለ መርፌ ያካሄዱትን ረጅም ሙግት እንተርካለን። ነገሩ የተፈጸመው በሩቅ አገር ቢሆንም፣ ዛሬ በዚያ አገር ሆስፒታሎች ነርስ ሆነው የሚያገለግሉ ብዙ ወገኖቻችን በዚያ ሙግት በተገኘው ሕግ ሥር ይሠራሉ። በእኛም ክሊኒኮች ያለው መርፌ ያው መርፌ ነው።

በመጀመሪያ አደጋው ምን እንደሆነ እንመልከት። ነርስ ለበሽተኛ መርፌ ከወጋች ወይም ደም ከቀዳች በኋላ መርፌው ባዶ አይደለም፤ በውስጡ የበሽተኛው ደም ይቀራል። ይህ መርፌ በስሕተት እጇን ቢወጋት፣ በሽተኛው ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ከሆነ፣ ከ1,000 እንዲህ ካሉ ውጊያዎች በ3ቱ ያህል በሽታው ይተላለፋል። ሄፓታይተስ ሲ በሚባለው የጉበት በሽታ ከ100 ውጊያ 2 ያህሉ ይተላለፋል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይገመት ነበር። ሄፓታይተስ ቢ ግን ከሁሉ የባሰ ነው፤ ነርሷ ካልተከተበች ከ100 ውጊያ ከ6 እስከ 30 ድረስ ሊተላለፍ ይችላል። የዚህ በሽታ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ በጠረጴዛ ላይ ሳይሞት እስከ 7 ቀን ይቆያል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ካሉት 35 ሚሊዮን የጤና ሠራተኞች መካከል 3 ሚሊዮን ያህሉ በየዓመቱ በዚህ ዓይነት መንገድ ለበሽታ እንደሚጋለጡ ገምቷል።

ታዲያ ለዚህ አደጋ በየሆስፒታሉ ይሰጥ የነበረው መልስ ምን ነበር? «ተጠንቀቂ!» የሚል ነበር። አንዲት ነርስ በመርፌ ስትወጋ አለቃዋ በመጀመሪያ የሚጠይቃት ምን አጥፍታ እንደተወጋች ነበር። በተለይም መርፌው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ክዳኑን መልሶ መግጠም እንደ ትልቅ ጥፋት ይቆጠር ነበር። በየግድግዳው «ክዳን መልሶ መግጠም ክልክል ነው» የሚል ማሳሰቢያ ይለጠፋል፤ ነርሶች ግን መግጠማቸውን አልተዉም። ለምን አልተዉም ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ከጠየቁት ጥቂቶች አንዷ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው ተመራማሪ ጃኒን ጃገር ናት። እርሷና ባልደረቦቿ በአንድ ሆስፒታል የደረሱ 326 የመርፌ ውጊያዎችን አንድ በአንድ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1988 አወጡ። ከውጊያዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በእርግጥ ክዳን ከመግጠም ጋር የተያያዙ ነበሩ። ነገር ግን ነርሷ ክዳኑን የምትገጥመው በግዴለሽነት እንዳልሆነ ተረዱ። ደም የነካ ራቁት መርፌ በእጇ ይዛ፣ በሰው መካከል አልፋ፣ እስከ ማስወገጃው ሣጥን መሄድ ነበረባት፤ አንዳንዱ መሣሪያም ከመጣሉ በፊት በእጅ መፈታታት ነበረበት። ከዚህ ከሚበልጠው አደጋ ለመዳን ስትል ነበር ክዳኑን የምትገጥመው። እንግዲህ ማሳሰቢያው ከአንዱ አደጋ ወደ ሌላው የሚገፋ ነበር ማለት ነው።

ሌላም ነገር ተገኘ። ከተራው መርፌ ይልቅ የግሉኮስ ቱቦዎችን እርስ በርስ ለማያያዝ የሚያገለግለው መርፌ፣ በጥቅም ላይ ከዋለው ብዛት ጋር ሲመዛዘን፣ ከ5 ጊዜ በላይ አብዝቶ ይወጋ ነበር። ልብ በሉ፤ ቱቦን ከቱቦ ለማያያዝ መርፌ አያስፈልግም! የሚወጋ ሥጋ የለምና። መርፌው በዚያ ቦታ የተገኘው ፋብሪካው እንደዚያ ስለሠራው ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ነርሷ ምንም ያህል ብትጠነቀቅ ልታርመው አትችልም፤ ሊያርመው የሚችለው መሣሪያውን የሚሠራውና የሚገዛው ነው።

የማኅበራቱ ሙግት የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሆስፒታል ሠራተኞችን የያዙ የሠራተኛ ማኅበራት ለአገሪቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አቤቱታ አቀረቡ። መሥሪያ ቤቱ እስከዚያ ጊዜ የሚያተኩረው በፋብሪካና በሕንፃ ሥራ ላይ ነበር። የሆስፒታል በሽታ እንደ ፋብሪካ ማሽን የሥራ አደጋ ነው ብሎ ለመቀበል ጊዜ ወሰደበት፤ ደንቡም የወጣው ከ5 ዓመት በኋላ በታኅሣሥ ወር 1991 ነው። በዚህ ደንብ አሠሪው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሠራተኛው በነጻ እንዲሰጥ፣ ጓንትና የማይበሳ የመርፌ ሣጥን እንዲያቀርብ፣ የተወጋ ሠራተኛም እንዲመረመርና እንዲታከም ታዘዘ። ከክትባቱ የተነሣ በሄፓታይተስ ቢ የሚያዙ የጤና ሠራተኞች ቁጥር እጅግ ወረደ። ይህ ብቻ እንኳ ታላቅ ፍሬ ነበር።

መርፌው ግን እንደ ነበረ ቀረ። ከተወጉበት በኋላ ራሱን የሚሸፍን ወይም ወደ ውስጥ የሚሰበሰብ መርፌ በዚያን ጊዜ ተፈልስፎ በገበያ ላይ ነበር፤ ነገር ግን ዋጋው ከተራው ስለሚበልጥ ብዙ ሆስፒታሎች አይገዙትም ነበር። ደንቡም በግልጽ አላስገደዳቸውም። መቼም የአንዲቱ መርፌ ልዩነት በሣንቲም የሚቆጠር ነበር፤ አንድ ትልቅ ሆስፒታል በዓመት የሚጠቀምበት ሲባዛ ግን ብዙ ገንዘብ ይሆናል። የተወጋች ነርስ ምርመራና መድኃኒት ደግሞ ከሌላ የሒሳብ መዝገብ ይከፈላል። የመርፌ ገዢው ይህን ወጪ አያየውም። በእኛም ፕሮጀክቶች ሒሳብ አያያዝ ውስጥ እንዲህ ያለ የተደበቀ ወጪ ያለ ይመስለኛል።

ነገሩን የለወጡት ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት የተካሄዱ ሙግቶች ናቸው። የመጀመሪያዋ ካሊፎርኒያ ነበረች፤ በማኅበራት ድጋፍ የቀረበው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1998 ጸድቆ ሆስፒታሎች ደኅንነቱ የተጠበቀ መርፌ እንዲጠቀሙ አዘዘ። ሌሎችም ተከተሉ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በማሳቹሴትስ ሌላ ነገር ሆነ። ካረን ዴሊ የምትባል፣ በቦስተን ከተማ በድንገተኛ ክፍል ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለች ነርስ፣ ከአንድ በሽተኛ ደም ቀድታ መርፌውን በግድግዳ ላይ ወደ ተሰቀለው ማስወገጃ ሣጥን ስትጨምር፣ በሣጥኑ ውስጥ የነበረ ሌላ መርፌ ጣቷን ወጋት። ከጥቂት ወራት በኋላ ኤች አይ ቪና ሄፓታይተስ ሲ በአንድነት በደሟ ተገኙ። ከዚያ በኋላ ወደ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ለሥራ አልተመለሰችም። ነገር ግን ዝም አላለችም። የማሳቹሴትስ ነርሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆና እ.ኤ.አ. በሰኔ 2000 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርባ መሰከረች። የተወጋችው በግዴለሽነት ወይም ሐሳቧ ተበታትኖ እንዳልነበረ፣ የተሻለ መርፌና የተሻለ ሣጥን ቢኖር ግን አደጋው እንደማይደርስ ለእንደራሴዎቹ አስረዳች። ያን ያህል ዓመት የሠራችን ነርስ «ሳትጠነቀቂ ቀርተሽ ነው» ብሎ መመለስ አይቻልም ነበር።

ሕጉም በሁለቱም ወገን ፓርቲዎች ድጋፍ አልፎ ኅዳር 6 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንት ክሊንተን ተፈረመ። ሕጉ አጭር ነው፤ ከያዛቸው ነገሮች ሁለቱ ግን ለፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ትልቅ ትምህርት አላቸው።

አንደኛው፣ አሠሪው በየዓመቱ የተሻለ መሣሪያ መኖሩን መመርመር አለበት፤ ሲመርጥም አለቃ ያልሆኑትን፣ በቀጥታ በሽተኛውን የሚያስታምሙትን ሠራተኞች አስተያየት መጠየቅና መጠየቁንም በጽሑፍ ማስፈር አለበት። እስከዚያ ድረስ መርፌ የሚመርጠው የዕቃ ግዢ ክፍል ነበር። የግዢ ሹሙ በመርፌ ወግቶ አያውቅም፤ የሚያየው ዋጋውን ነው። ነርሷ ግን የትኛው መሸፈኛ በአንድ እጅ እንደሚዘጋ፣ የትኛው እንደሚያዳልጥ፣ የትኛው ሕፃን ሲንቀጠቀጥ እንደሚያስቸግር ታውቃለች። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ውጊያ በምን ዓይነት መሣሪያ፣ በየትኛው ክፍል፣ እንዴት እንደደረሰ በመዝገብ ይጻፋል፤ የተወጋው ሰው ስም ግን በምስጢር ይጠበቃል። ስሙ የማይገለጽበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሰው ተወቃሽ እንደሚሆን ካወቀ ቁስሉን ደብቆ ይሄዳል፤ ከተደበቀ ደግሞ መድኃኒቱም ያልፈዋል፣ ሆስፒታሉም ምንም አይማርም።

ውጤቱስ? ሕጉ በሥራ ላይ በዋለበት በ2001 በሆስፒታሎች የሚደርሰው የመርፌ ውጊያ በ38 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ጃገርና ባልደረቦቿ በኋላ ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። በአሜሪካ ከ1985 እስከ 2013 ድረስ በሥራ ላይ በኤች አይ ቪ መያዛቸው የተረጋገጠው የጤና ሠራተኞች 58 ሲሆኑ ከእነዚህ 24ቱ ነርሶች ነበሩ፤ ከ1999 በኋላ ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ የተመዘገበው አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ብቻ ነው። ለዚህ የተሻለ መድኃኒት መገኘቱም ድርሻ አለው፤ ሁሉን ለመርፌው መስጠት ልክ አይሆንም።

በአንድ ክፍል ግን ነገሩ አልተሻሻለም፤ ይኸውም በቀዶ ጥገና ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት ከቀዶ ጥገና ውጭ ባሉ ክፍሎች ውጊያው በ31.6 በመቶ ሲቀንስ፣ በቀዶ ጥገና ክፍል በ6.5 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በዚያ ክፍል መሣሪያውን የሚመርጠው ቀዶ ሐኪሙ ነው፤ ጫፉ የደነዘ የመስፊያ መርፌ ቢኖርም የለመደውን አይለቅም። ከሚወጉት መካከል ግን መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ ትገኛለች። የመረጠው ሌላ፣ የተወጋው ሌላ ሲሆን ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በክትባት ዘመቻ የምንጠቀምበት፣ አንድ ጊዜ ከተወጋበት በኋላ የሚቆለፈው ስሪንጅ የታወቀ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ1999 ጀምሮ ለክትባት ሁሉ እንዲውል ያሳሰቡት እርሱን ነው። ብዙ ሰው ግን ይህ ስሪንጅ ነርሷንም የሚጠብቃት ይመስለዋል። አይደለም። የሚጠብቀው ቀጣዩን ሕፃን ነው፤ ሁለተኛ እንዳይወጋበት ይቆለፋል እንጂ የመርፌው ጫፍ እንደ ተራቆተ ነው። ነርሷን የሚጠብቃት ቢጫው ሴፍቲ ቦክስ በአጠገቧ መኖሩና ሦስት አራተኛ ሲሞላ መዘጋቱ ነው። ከበጎ አድራጊዎች ወደ ክሊኒክ አልጋና መድኃኒት ሲላክ በደስታ ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ ስለ ሴፍቲ ቦክስ ግን ደብዳቤ የጻፈልን ማኅበረ ምእመናን እስከ ዛሬ የለም። ሣጥኑ ሲያልቅ መርፌው በካርቶንና በባዶ የውኃ ጠርሙስ ይጣላል፤ ካርቶኑን ተሸክማ የምታወጣው ደግሞ ስለ መርፌ ምንም ያልተማረች የጽዳት ሠራተኛ ናት።

ክትባቱም እንደዚሁ ነው። በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት ከሚሰጠው መደበኛ ክትባት ጋር የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት የተወለደች ነርስ በሕፃንነቷ በዚህ መንገድ አልተከተበችም፤ በኋላ ካልተከተበች መከላከያ የላትም። ለትልቅ ሰው ክትባቱ በ6 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይሰጣል። አዲስ ሠራተኛ ስትቀጠር ሦስቱንም መውሰዷን የሚያሳይ ወረቀት በመዝገቧ ውስጥ መኖር አለበት፤ የጽዳት ሠራተኛዋና የልብስ አጣቢዋም እንደዚሁ።

በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ ስንመለስ፣ ነርሶቹ የተሟገቱት አገልግሎቱን ሽሽት አልነበረም። በሽተኛን ትታ የሄደች የለችም። የጠየቁት በሽታው ከበሽተኛው ወደ እነርሱ እንዳይሻገርና በምን እንደሚሠሩ እንዲጠየቁ ብቻ ነው። በየክሊኒኮቻችን ለነርሶቻችን ይህን ጥያቄ ለማቅረብ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገንም፤ የሚቀጥለው የዕቃ ግዢ ዝርዝር ከመፈረሙ በፊት ወደ መርፌ ክፍል ወርዶ መጠየቅ ይቻላል።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ሰው በመርፌ ቢወጋ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ይጠብ፤ አይጭመቀው፤ በረኪናም አያድርግበት። ለኃላፊው ወዲያው ይንገር። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ይህ መድኃኒት በክሊኒካችሁ ከሌለ በቅርብ በየትኛው ሆስፒታል እንደሚገኝ፣ በእሑድና በሌሊትም የመድኃኒት ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆን ዛሬውኑ ጠይቃችሁ በመርፌ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።