ሎዥባን፦ በአንድ ቃል የሚጀመር ቋንቋ

«ጎበዝ ወንዶችና ሴቶች ተሸለሙ» የሚል ዜና ብናነብ፣ ጎበዝ የተባሉት ወንዶቹ ብቻ ናቸው ወይስ ሴቶቹም ጭምር? የአማርኛ ሰዋስው ሁለቱንም ንባብ ይፈቅዳል። አንባቢው አንዱን የሚመርጠው ከሰዋስው ሳይሆን ከዐውድና ከግምት ተነሥቶ ነው። ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ሌሎች የተፈጥሮ ቋንቋዎችም እንዲህ ያለውን አሻሚነት ተሸክመው ይኖራሉ። በዚህ ጽሑፍ የምናስተዋውቀው ሎዥባን ግን የዓረፍተ ነገሮቹ አወቃቀር ከአንድ በላይ ንባብ እንዳይኖረው ታስቦ የተቀረጸ ሰው ሠራሽ ቋንቋ ነው። ስያሜውም ሎግዢ (ሥነ አመክንዮ) እና ባንጉ (ቋንቋ) ከሚሉ ሁለት የራሱ ቃላት የተገኘ ነው።

የሎዥባን መነሻ አሜሪካዊው የሥነ ኅብረተሰብ ሊቅ ጄምስ ኩክ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1955 የጀመረው ሎግላን የተባለ ቋንቋ ነው። (ይኸው ሰው «ካሪርስ» የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታም ፈልስፏል።) የብራውን ዓላማ የሳፒርና የዎርፍ መላ ምት በመባል የሚታወቀውን፣ የምንናገረው ቋንቋ አስተሳሰባችንን ይቀርጻል የሚለውን ሐሳብ መፈተን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራውን በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ለሕዝብ አቀረበ። ኋላ በባለቤትነት መብት ላይ ውዝግብ ስለተነሣ፣ ከተከታዮቹ ከፊሎቹ ተለይተው እ.ኤ.አ. በ1987 የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ፤ ቃላቱንም እንደ አዲስ ቀርጸው ሎዥባንን አበጁ። ይህን ቋንቋ መማር በእርግጥ አስተሳሰብን እንደሚለውጥ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ግን እስካሁን የለም። ስለዚህ ማንም ተማሪ ብልህ እሆናለሁ ብሎ ባይጀምረው እንመርጣለን።

ታዲያ ከየት ይጀመራል? የሎዥባን ሥርወ ቃላት 1,350 ያህል ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ። የተቀመሙትም ከቻይንኛ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከሂንዲ፣ ከስፓኒሽ፣ ከሩስኛና ከዐረብኛ ድምፆች ነው። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ዝርዝር ይዘው ሽምደዳ ይጀምራሉ፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይተውም ይሰለቻሉ። እኛ የምንመክረው አንድ ቃል መርጦ እርሱን እስከ ውስጡ መመርመርን ነው።

ታቭላ የሚለውን ቃል እንውሰድ። ፍቺው «መናገር» ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም። ታቭላ አራት ስፍራዎች ያሉት ቀመር ነው፦ ተናጋሪው፣ የሚነገረው ሰው፣ የሚነገርለት ጉዳይ፣ የሚነገርበት ቋንቋ። በሒሳብ ክፍል ፋንክሽን ያጠና ተማሪ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ በየስፍራው ተገቢውን ማስገባት ብቻ ነው። «ሚ ታቭላ ዶ» ማለት «እኔ ለአንተ እናገራለሁ» ማለት ነው። «ሚ ታቭላ ዶ ሎ ሽኩሌ» ካልን ደግሞ ሦስተኛው ስፍራ ተሞልቶ «ስለ ትምህርት ቤት» የሚለው ተጨመረ። «ስለ» እና «ለ» የሚሉትን የሚተካው የቃሉ ተራ ነው። ሁለተኛውን ስፍራ መዝለል ብንፈልግ ፊ የምትባለውን ቅንጣት እንጠቀማለን፤ «ሚ ታቭላ ፊ ሎ ሽኩሌ» ለማን እንደሆነ ሳይገለጽ ስለ ትምህርት ቤት መናገርን ያመለክታል። «ዶ ታቭላ ማ» ብለን ደግሞ «ለማን ትናገራለህ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ማ የምትለዋን መጠይቅ ለማስታወስ የአማርኛ ተናጋሪ የሚቸገር አይመስለንም።

ከላይ ዶ የሚለውን «አንተ» ብለን የተረጎምነው አማርኛ ምርጫ ስላስገደደን ነው። ዶ አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም፣ እናንተም ነው። በአማርኛ «ነገርኩህ» የምትለው አንዲት ቃል ተናጋሪውን፣ ድርጊቱን፣ ጊዜውንና የተቀባዩን ጾታ በአንድነት ትሸከማለች፤ ሎዥባን ግን ጾታና ጊዜ ካላስፈለጉ እንዲተዉ ይፈቅዳል። ጀማሪው ይህን ሲረዳ የገዛ ቋንቋው ሳይጠይቀው ምን ምን እንደሚያስነግረው ማየት ይጀምራል። በእኛ አስተያየት የትምህርቱ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

ንባቡ ቀላል ነው። በላቲኑ አጻጻፍ ሲ ዘወትር ሽ፣ ጄይ ዥ፣ ኤክስ ደግሞ ኽ ተብለው ይነበባሉ።

አሁን ወደ አሻሚነት እንመለስ። ሽማሉ (ትንሽ)፣ ኒኽሊ (ልጃገረድ)፣ ሽኩሌ (ትምህርት ቤት) የሚሉትን ብንደረድር ትንሹ ማን ነው? የሎዥባን ደንብ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት አስቀድሞ ያጣምራል፤ ስለዚህ ትንንሾቹ ልጃገረዶቹ ናቸው። ትንሽ የሆነው ትምህርት ቤቱ ከሆነ «ሽማሉ ኒኽሊ ቦ ሽኩሌ» እንላለን፤ ቦ ግራና ቀኟን አጥብቃ ታስራለች። ለረዘመ ሐረግ ኬ እና ኬሄ እንደ ቅንፍ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

ይሁን እንጂ ሎዥባን አሻሚነትን ሁሉ አያጠፋም። ትምህርት ቤቱ ልጃገረዶች የሚማሩበት ይሁን ልጃገረዶች የሠሩት፣ ጥምረቱ ራሱ አይናገርም። የሚጠራው አወቃቀሩ እንጂ ፍቺው አይደለም። ቃል በምሳሌያዊ ፍቺው ሲነገር ይህንኑ የምታስታውቅ ፔሃ የምትባል ቅንጣትም አለች። ወርቁን አስቀድሞ የሚያሳውቅ ቅኔ ምን ቅኔ ይባላል ቢሉ የቅኔ መምህራን አይፈረድባቸውም!

ለተጨማሪ ጥናት ሮቢን ተርነርና ኒክ ኒኮላስ ያዘጋጁት «ሎዥባን ፎር ቢጊነርስ» ተስማሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው የጆን ካወን ሙሉ የሰዋስው መጽሐፍ ግን ለማመሳከሪያ እንጂ ለመነሻ አይሆንም።

ለልምምድ አንድ ቃል እንስጥ። ክላማ ማለት «መሄድ» ሲሆን አምስት ስፍራዎች አሉት፦ ሂያጁ፣ መድረሻው፣ መነሻው፣ መንገዱና መጓጓዣው። ዝዳኒ ቤት ነው። «ሚ ክላማ ሎ ሽኩሌ ሎ ዝዳኒ» ብሎ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት የሄደ ተማሪ፣ ሁለቱን የመጨረሻ ስሞች ቢያቀያይር ወደ ቤቱ ይመለሳል።