አስተርጓሚ ብቻ ለምን አይበቃም?

ጉለሌ ውስጥ መስማት የተሳናቸውና ሰሚ ልጆች አብረው በሚማሩበት ክፍል አስተምራለሁ። እኔ ሰሚ ነኝ፤ አብራኝ የምታስተምረው ባልደረባዬ መስማት የተሳናት ናት። «አስተርጓሚ ከተመደበ አይበቃም ወይ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ፣ መልሴ አይበቃም ነው።

አስተርጓሚ እኔ ያልኩትን ያደርሳል። ነገር ግን አብዛኞቹ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ከሽሮ ሜዳም ይምጣ ከቀጨኔ፣ ብዙው ልጅ ቤቱ በጥቆማ ሲግባባ ኖሮ ምልክት ቋንቋን የሚያገኘው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ገና ቋንቋ ለሌለው ልጅ ምኑ ይተረጎምለታል? ቋንቋውን የሚወስደው ከባልደረባዬ ነው። እኔ በሥልጠና ተምሬዋለሁ፤ እሷ ታስብበታለች፣ ትቆጣበታለች፣ ትስቅበታለች።

ፊደል የምታስቆጥረውም እሷ ናት። በ1963 ዓ.ም. ገደማ የተዘጋጀው የጣት ፊደላችን ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ የሚለዩት በእንቅስቃሴ ነው። «በ» እና «ቡ» ላይ የጣቶቹ አያያዝ አንድ ነው፣ እንቅስቃሴው ይለያል። ካዕብና ሣልስ የሚምታታባቸው ሰሚ ልጆችም በእጃቸው ሲሠሩት ቶሎ ይይዙታል፤ በጣም ደስ የሚለኝ ሰዓት ይህ ነው።

ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ማስረዳት በክፍላችን የለም። ልጁ ሰሌዳውንና እጅን በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም። መጀመሪያ ይጻፋል፣ ልጆቹ ያነባሉ፣ ከዚያ ይብራራል።

ሰሚና መስማት የተሳነው መምህር አብረው መሥራታቸው አዲስ አይደለም። በ1817 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሃርትፎርድ የተከፈተውን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት ሰሚው ቶማስ ጋላውዴት እና መስማት የተሳነው ፈረንሳዊ መምህር ሎራን ክሌርክ አብረው ነበር። በ1880 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ የተሰበሰቡ፣ አብዛኞቹ ሰሚ የሆኑ መምህራን ግን «ትምህርት በንግግር ብቻ» ብለው ወሰኑ፤ ከዚያ በኋላ በብዙ አገር መስማት የተሳናቸው መምህራን ከክፍል ተገፉ። ጉዳቱ ለትውልድ ተርፏል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 24፣ አካል ጉዳተኛ መምህራንን ጨምሮ ምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራን እንዲቀጠሩ ያዛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል።

ርእሰ መምህራን ካላችሁ፣ መስማት የተሳነውን መምህር በረዳትነት አትቅጠሩት። ክፍሉን፣ የፈተና ዝግጅቱን፣ ውጤት መስጠቱን ይካፈል። ለሁለቱ መምህራን አብረው የሚዘጋጁበት ሰዓት መድቡላቸው። አስተርጓሚውን ደግሞ ለመምህራን ስብሰባ ጥሩት፤ እዚያ በጣም ያስፈልጋል።