የሽጉጥ ሴፍቲ ለማን አውራ ጣት ነው የተሠራው? ግራኞችና የተረሳችው ትንሽ ብረት

እስቲ ስልካችሁን በግራ እጃችሁ ያዙና በዚያው እጅ ብቻ ስክሪኑን ዝጉት። አብዛኛው ስልክ ላይ ማጥፊያው በቀኝ ጎን ስለሆነ ለቀኝ አውራ ጣት ይመቻል፤ በግራ እጅ ግን በሌላ ጣት መፈለግ ግድ ነው። ስልክ ከሆነ ያናድዳል እንጂ ማንንም አይጎዳም። ዕቃው ሽጉጥ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል።

ዛሬ የምናየው ስለ ሴፍቲ ነው። ሴፍቲ ማለት ቃታው ቢሳብ እንኳ ሽጉጡ እንዳይተኩስ የምትቆልፈው ትንሽዬ ብረት ናት። ይህች ብረት ለረጅም ጊዜ በብዙ ሽጉጦች ላይ የተቀመጠችው በግራ ጎን ብቻ ነው። ለምን? ሽጉጥ በቀኝ እጅ ሲያዝ አውራ ጣት የሚያርፈው በግራ ጎኑ ስለሆነ። ግራኞችን ለመጉዳት ማንም አላሰበም፤ ያው ሁሉም ሰው ቀኝ ነው ተብሎ ተሠራ። ግን ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ነው።

ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ጆን ብራውኒንግ የነደፈውን ኮልት 1911 እንውሰድ። ስሙ እንደሚናገረው የአሜሪካ ጦር የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ሴፍቲው በግራ ጎን ከእጀታው በላይ ነው፤ ወደ ላይ ሲገፋ ይቆልፋል፣ ወደ ታች ሲጫን ይከፈታል። ቀኝ እጅ ያለው ሰው አያያዙን ሳይለውጥ በአውራ ጣቱ ጫን ያደርገዋል፣ አለቀ።

ግራኙስ? የእሱ አውራ ጣት ያለው በቀኝ ጎን ነው፤ ሴፍቲው ደግሞ ማዶ። ሦስት አማራጭ አለው፣ ሦስቱም ጣጣ አላቸው።

አንደኛ፣ አውራ ጣቱን በሽጉጡ ጀርባ በኩል አሻግሮ መንካት። ያኔ አያያዙ ይላላል።

ሁለተኛ፣ በሌባ ጣቱ መንካት። ግን ሌባ ጣት ቃታ የሚስበው ጣት ነው፤ ከቃታው አጠገብ በጥድፊያ ወዲያ ወዲህ ማለቱ ራሱ አደጋ ነው።

ሦስተኛ፣ በሌላኛው እጅ መክፈትና መዝጋት። ይሄ የሚሠራው ሌላኛው እጅ ነፃ ሲሆን ነው። በአንድ እጁ የእጅ ባትሪ የያዘ ወይም እጁ የቆሰለ ፖሊስ ምን ያድርግ?

ትልቁ አደጋ ግን ሌላ ነው። ሰው የማይመቸውን ነገር ቀስ በቀስ መጠቀም ይተዋል። ሴፍቲውን መድረስ የሚያስቸግረው ሰው «ልክፈተውና ልተወው» ሊል ይችላል። ያኔ ለጥንቃቄ የተሠራችው ብረት ጌጥ ሆነች ማለት ነው።

እኛም አገር ስሙ በደንብ የሚታወቀው ማካሮቭ ከዚህ አያመልጥም። የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው ይህ ሽጉጥ ሴፍቲው በግራ ጎን ብቻ ነው።

ለውጡ እንዴት መጣ?

መጀመሪያ መፍትሔ የፈለጉት መሣሪያ የሚያድሱ ባለሙያዎች ናቸው። በ1911 ሽጉጥ ላይ ከቀኝም ከግራም የሚነካ ሴፍቲ በመግጠም አሜሪካዊው አርማንድ ስዌንሰን ስሙ ይነሳል። ነገሩን ሰፊ ያደረገው ግን ትልቁ ገዢ፣ ማለትም ጦሩ ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1985 ኮልት 1911ን እንዲተካ የመረጠው የጣሊያኑ ቤሬታ በሁለቱም ጎን ሴፍቲ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቤሬታን እንዲተካ የተመረጠው የሲግ ሳወር ሽጉጥም እንደዚሁ።

ሌሎች ሌላ መንገድ ሄዱ። የጀርመኑ ሄክለር ኡንድ ኮህ በ1990ዎቹ ባወጣው ዩኤስፒ ላይ ሴፍቲው ከግራ ወደ ቀኝ ሊዛወር ይችላል። የኦስትሪያው ግሎክ ደግሞ በአውራ ጣት የሚነካውን ሴፍቲ ጭራሹን አስቀረው። መቆለፊያዎቹ ውስጥ ናቸው፤ አንዷ ራሷ ቃታው ላይ ያለች ትንሽ ምላስ ናት፣ ጣት በትክክል ሲያርፍባት ትለቃለች። ለግራም ለቀኝም እኩል ነው። ዋጋው ግን ሁሉም ነገር በጣታችን ጥንቃቄ ላይ መውደቁ ነው።

ታዲያ በሁለቱም ጎን ቢሆን አይሻልም?

ለግራኝ አዎ፣ ግን በነፃ አይደለም። የውጪው ብረት ከሰውነት ጋር ሲፋተግ ወይም ከሽጉጡ ማህደር ጋር ሲነካካ ሳይታሰብ ሊከፈት ይችላል። በ1911 ዓይነት ሽጉጥ ላይ ደግሞ ሁለቱ ጎኖች የሚገናኙት መሐል ላይ በምትጋጠም ቀጭን ብረት ነው። ይህች መጋጠሚያ ከላላች አንዱ ጎን ሲንቀሳቀስ ሌላኛው በትክክል ላይከተለው ይችላል።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ፦ አቅጣጫው። ኮልት 1911 እና ማካሮቭ ወደ ላይ ሲገፋ ይቆልፋሉ። ቤሬታው ግን የሚቆለፈው ወደ ታች ሲሆን ነው። በአንዱ የለመደ እጅ ሌላውን ሲይዝ «ቆልፌያለሁ» ብሎ የከፈተ ሊሆን ይችላል።

ይሄ ለማን ይጠቅማል?

መሣሪያ ግዙ እያልን አይደለም፤ በአገራችን መሣሪያ መያዝ ፈቃድ እንደሚጠይቅ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ተደንግጓል። ግን ከእናንተ መሐል ለፖሊስነት ወይም ለጥበቃ ሥራ ሥልጠና የሚገባ ይኖራል። ግራኝ ከሆናችሁ በመጀመሪያው ቀን ለአሠልጣኙ ንገሩ፤ አትፈሩ፣ አትደብቁ። የሚሰጣችሁ ሽጉጥ ሴፍቲው በየት ጎን እንዳለና ወደየት ሲሄድ እንደሚቆልፍ ጠይቁ። ባዶ መሆኑ በአሠልጣኙ በተረጋገጠ መሣሪያ ላይ፣ እሱ ባለበት፣ እጃችሁ እስኪለምደው ተለማመዱ። አሠልጣኝ የሆናችሁ ደግሞ ግራኙን «እንደ ሌላው አድርግ» ብላችሁ አትለፉት፤ የሱ እጅ የራሱ ሥልጠና ይፈልጋል።

ቀኝም ሁኑ ግራኝ፣ ሴፍቲ ማሽን ነው፤ ይበላሻል፣ ይረሳል፣ ይከፈታል። አፈሙዙን ወደ ሰው አለማዞርና ለመተኮስ ካልወሰኑ ጣትን ከቃታ ማራቅ ግን ለሁለቱም እጅ እኩል ይሠራል።

ግራኝ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። ሌላ ምን ዕቃ ነው ግራኞችን የሚያስቸግረው? ኮመንት ላይ ጻፉልን።