ሳተላይቱ አንድ፣ ካርታው ሁለት

መኪና ላይ መንገድ ሲመራ ውሎ፣ ውሃ ዳር ሲደረስ ተነቅሎ ጀልባ ላይ የሚተከል የጂፒኤስ መሣሪያ አዲስ ነገር አይደለም። ጋርሚን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ ያቀረበው ጂፒኤስማፕ 276ሲ ለሁለቱም አገልግሎት የታሰበ ነበር፤ የመንገድ ካርታ ሲጫንበት የት እንደሚታጠፉ ይጠቁማል፣ የባሕር ካርታ ሲጫንበት ደግሞ ጥልቀቱንና ደሴቱን ያሳያል። ዛሬ ስልኮችም ተገቢው መተግበሪያ ከተጫነባቸው ይህንኑ ያደርጋሉ። ጥቅሙ አያጠያይቅም። ሳጥኑ አንድ ስለሆነ ሥራውም አንድ ነው ብሎ ማሰብ ግን አደገኛ ስሕተት ነው። መንገድ ላይ መሣሪያው ካርታውን አምኖ የሳተላይቱን መረጃ ያርማል፤ ውሃ ላይ ግን ይበልጥ መታመን ያለበት ሳተላይቱ፣ መጠርጠር ያለበት ካርታው ነው። ከመኪና ወደ ጀልባ የሚሸጋገር ሰው መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን እምነቱንም ማዞር አለበት።

ይህን ለመረዳት መሣሪያው ያለበትን ቦታ እንዴት እንደሚያውቅ እንመልከት። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይዞራሉ፤ እያንዳንዱም በአቶሚክ ሰዓት እየተመራ የራሱን ቦታና ሰዓት የሚናገር መልእክት ያለማቋረጥ ይልካል። ተቀባዩ መልእክቱ ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ርቀቱን ያሰላል። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት 300 ሜትር ያስታል፤ የተቀባዩን ርካሽ ሰዓት ጭምር ለማረም ቢያንስ አራት ሳተላይቶች የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው። የአንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ እንኳ በስሌቱ ውስጥ አለ፦ የሳተላይቱ ሰዓት ምድር ላይ ካለው በቀን 38 ማይክሮሰከንድ ያህል ይቀድማል፣ ይህ ባይታረም ስሕተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ ሜይ 2000 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባ ነበር፤ ያ ከቀረ ወዲህ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ሁሉ ተራ ተቀባይም ቦታውን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ያውቃል። የዚህ ሁሉ ጥበብ ውጤት ግን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ብቻ ነው። ነጥቡ አስፋልት ላይ ይዋል ማዕበል ላይ፣ ከሥሩ ሁለት ሜትር ውሃ ይኑር ሃያ፣ ሳተላይቱ አያውቅም። ይህን የሚነግረን ካርታው ነው፤ ካርታ ደግሞ ሰው የሠራው፣ የተሠራበት ቀን ያለው ሰነድ ነው።

መንገድ ላይ የካርታው ሥልጣን ምን ያህል እንደሆነ ብዙ አሽከርካሪ አያስተውልም። የአምስት ስድስት ሜትር ስሕተት መኪናውን ከመንገዱ አውጥቶ አጠገቡ ያለ ሱቅ ውስጥ ያስገባዋል። ይህን ለማስቀረት ሶፍትዌሩ መኪና የሚሄደው መንገድ ላይ ነው ከሚል ግምት ተነሥቶ ምልክቱን በቅርብ ወዳለው መንገድ ይስበዋል። ስክሪኑ ላይ የምናየው ቀስት እንግዲህ ሳተላይቱ የሰጠው ነጥብ ሳይሆን በካርታው የተስተካከለ ነው። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል፤ የማያዋጣው ካርታው ሲያረጅ ነው። ባሕር ዳር ላይ አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ካርታ የያዘ መሣሪያ በድልድዩ የሚያልፈውን መኪና ወይ ወንዙ ውስጥ ያሳየዋል፣ ወይ ወደሚያውቀው መንገድ ሊጎትተው ይሞክራል። ጉዳቱ ግን ቀላል ነው፤ አሽከርካሪው ድልድዩን በዓይኑ እያየው ነውና የካርታውን ስሕተት ወዲያው ያውቃል።

ጀልባ ላይ መንገዱም የለም፣ ከውሃው በታች ያለውንም ዓይን አያይም። መሣሪያው በጣና ሐይቅ ላይ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ምራኝ ቢባል በሁለቱ ነጥቦች መካከል ቀጥ ያለ መስመር ሊያሰምር ይችላል፤ መስመሩ ደሴት ይቁረጥ፣ ደለል ላይ ይለፍ፣ ማጣራቱ የነጂው ፋንታ ነው። ምልክቱን ወደ መንገድ የሚስበው የመንገድ ሁነታ ሳይጠፋ ከቀረ ደግሞ ዳር ዳሩን የሚሄድ ጀልባ ስክሪኑ ላይ በሐይቁ ዳር አስፋልት ሲነዳ ሊታይ ይችላል። አቅጣጫም ሌላ ትርጉም አለው። መኪና ፊቱ ወደዞረበት ይሄዳል፤ ጀልባ ግን ፊቱ ወደ ሰሜን ዞሮ ሳለ ከምዕራብ የሚነፍስ ነፋስ ወደ ምሥራቅ ይገፋዋል። ጂፒኤስ የሚያሳየው በእርግጥ የተሄደበትን እንጂ ፊቱ የዞረበትን አቅጣጫ አይደለም፤ ጀልባው ከቆመማ ኮምፓስ የሌለው መሣሪያ ቀስቱን ወዳሻው ያዞረዋል።

የካርታ ስሕተት ውሃ ላይ የሚያስከፍለውን ዋጋ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 2013 የደረሰው አደጋ በግልጽ ያሳያል። ዩኤስኤስ ጋርዲያን የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ፊሊፒንስ ውስጥ ቱባታሃ በሚባለው የኮራል አለት ላይ ወጥቶ ተቀረቀረ። መርከቡ ይጠቀምበት የነበረው ዲጂታል ካርታ አለቱን ከእውነተኛ ቦታው 8 የባሕር ማይል ያህል፣ ማለትም ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አርቆ አስቀምጦት ነበር። መርከቡ መነሣት ስላልቻለ እዚያው ተቆራርጦ ተወሰደ። ምርመራው ግን ጥፋቱን ካርታው ላይ ብቻ አልጣለም፤ መኮንኖቹ ከሌሎች ምንጮች ጋር ማመሳከር ነበረባቸው ብሏል። ካርታው ትክክል ቢሆንም እንኳ ውሃው ራሱ ይለወጣል። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ከፍታውም ከክረምት እስከ በጋ ይዋዥቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ እጅግ በመጉደሉ የመርከብ ጉዞ ለአራት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። በጥቅምት የተለካ ጥልቀት በግንቦት አይታመንም።

ሳተላይቱ ይታመን ማለት ስክሪኑ ይታመን ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 1995 ሮያል ማጀስቲ የተባለው የመንገደኞች መርከብ ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ሲጓዝ የጂፒኤሱ አንቴና ገመድ ተነቀለ። መሣሪያው የሳተላይት ምልክት ሲያጣ በፍጥነትና በአቅጣጫ ላይ ተመሥርቶ ቦታውን መገመት ጀመረ፤ ይህንንም በስክሪኑ ላይ የገለጸው በትንንሽ ፊደላት ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። ከአንድ ቀን በላይ በግምት ከተጓዘ በኋላ መርከቡ ከታሰበው መስመር 17 ማይል ገደማ ርቆ ናንታኬት ደሴት አጠገብ አሸዋ ላይ ወጣ። መኪና ዋሻ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ያለው ግምት ይጠቅማል፤ ዋሻው አልቆ መንገዱ ይታያልና። ውሃ ላይ ግን ስሕተቱን የሚያጋልጥ ነገር ላይኖር ይችላል።

አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ጥልቀትን አስልተው ራሳቸው መስመር ያወጣሉ፣ ችግሩ ተፈቷል የሚል ይኖራል። ስሌቱ ግን ከካርታው ጥልቀትና ተጠቃሚው ከሚያስገባው የጀልባ ልክ አያልፍም፤ የተሳሳተ መረጃ ከገባበት ተማምኖ ያሳስታል። ስልክ ካለ ልዩ መሣሪያ ለምን ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ የበለጠ ሚዛን አለው። ለከተማ መንገድ በእርግጥ ስልክ ይበቃል። ሐይቅ ላይ ግን የረጠበ ጣት ስክሪኑን አያዝም፣ ፀሐይ ታደበዝዘዋለች፣ ሙቀት ያጠፋዋል፤ ለጀልባ የተሠራው ውሃ ይችላል፣ ከጀልባው ባትሪም ይሞላል። የካርታው ችግር ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ልምድ ያለው ጀልባ ነጂ ሐይቁን ያለ ጂፒኤስ ያውቀዋል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ መሣሪያውም ዋጋ የሚያገኘው ከዚህ ዕውቀት ጋር ሲጣመር ነው። ነጂው በበጋና በክረምት የሚሄድበትን መስመር መሣሪያው ቢመዘግብ፣ ያ ምዝገባ ማንም ኩባንያ ሊሸጠው የማይችል የአካባቢ ካርታ ይሆናል፤ ጭጋግ ሲወርድ ወይም ሲመሽ ደግሞ ነጂው ራሱ ይፈልገዋል።

ስለዚህ አንዱን መሣሪያ ለሁለቱም መጠቀም ተገቢ ነው፤ ጥቂት ልማዶች ግን አብረው መኖር አለባቸው። ጀልባ ላይ ሲወጡ የመንገድ ሁነታውን ማጥፋት፣ የካርታውን ዘመን ማየት፣ የሳተላይት ምልክቱ መኖሩን በየጊዜው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከቆዩ የኢትዮጵያ የወረቀት ካርታዎች ነጥብ የሚያስገባ ሰው ደግሞ ካርታው አዲንዳን በተባለው መነሻ ልኬት ተሠርቶ እንደሆነ ይመልከት፤ ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት ልኬት ጋር ያለው ልዩነት ከ100 ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱን በሶናር፣ ካልተገኘም ምልክት በተደረገበት ገመድ መለካት ከማንኛውም ካርታ የበለጠ ምስክር ነው። መሣሪያው የት እንዳለን በጥሩ ሁኔታ ይነግረናል፤ እዚያ ምን እንዳለ ማረጋገጥ ግን የነጂው ሥራ ነው፣ ይህንንም ሥራ ለስክሪን አሳልፎ መስጠት አይገባም።