ትራክ ልትገዛ ነው አሉ? ጠጋ በል

እቁቡ ወጥቶልሃል፣ ሲዲኤል ከያዝክ ሁለት ዓመት አልፎሃል፣ ከካምፓኒው ጋር መጨቃጨቁም ሰልችቶሃል። ዴንቨር ሁን ሲያትል ወይም ዳላስ፣ የእኛ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ የሚለው አንድ ነው፦ «እስከ መቼ ለሰው እነዳለሁ?» (ትራክ የምትነዱ እህቶችም አላችሁ፤ «አንተ» ስል እናንተንም ነው።) ጥያቄው ልክ ነው። እኔ ግን ስልኩን ከያዘው ወገን ነኝ። ዲስፓቸር ነኝ፤ ሎድ እፈልጋለሁ፣ ከብሮከር ጋር እከራከራለሁ፣ የባለ ትራኮቹ ሒሳብም በእጄ ያልፋል። ከዚህ ወንበር ሆኜ የማየውን ልንገርህ፤ ብቻ እኔ ነገርኩህ እንዳትል።

ትራክ ስቶፕ ላይ ቡና እየተጠጣ የሚወራው ግሮስ ነው። «በሳምንት ሰባት ሺህ ሠራሁ» ይልሃል። አልዋሸም፤ ግን ሰባት ሺው የእሱ አይደለም። አንድ ሎድ እንመንዝር። 1,000 ማይል በ2,000 ዶላር ያዝክ እንበል። «በማይል ሁለት ዶላር» ብለህ ደስ አለህ። ሎዱን ለማንሳት 150 ማይል ባዶህን ነድተሃል፤ ስለዚህ የነዳኸው 1,150 ነው፣ ዋጋህም ወደ 1.74 ወርዷል። ትራክህ በጋሎን 6.5 ማይል ከሄደልህና ናፍጣው 4 ዶላር ከሆነ ወደ 708 ዶላር ቀዳህ። ፋክተሪንጉ ገንዘብህን ቶሎ ስለሰጠህ በ3 ፐርሰንት ሒሳብ 60 ወሰደ። ዲስፓቸሩ በ8 ፐርሰንት 160 ወሰደ። የቀረህ 1,072 ነው። የትራኩ ክፍያ፣ ኢንሹራንሱ፣ ትሬለሩ፣ ጎማው፣ ጥገናው፣ ታክሱና ያንተ የጉልበት ዋጋ ገና አልተነሱም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ምርምር ተቋም ለ2023 ያወጣው አማካይ ወጪ፣ የሾፌሩን ደመወዝ ጨምሮ፣ በማይል 2.27 ዶላር ነበር።

አሁን ወደ ሹክሹክታው። በዙሪያህ ያለው ሰው ሁሉ የሚበላው ከግሮሱ ነው፤ ከትርፉ የምትበላው አንተ ብቻ ነህ። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። መጥፎ ሎድ ብሰጥህም ድርሻዬ አይቀርብኝም። ስለዚህ ዲስፓቸርህ «ያዘው፣ ከመቀመጥ ይሻላል» ሲልህ አንዳንዴ እውነቱን ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የራሱን ሳምንት እየዘጋ ነው። የቱ እንደሆነ የምታውቀው አንድ ማይል ስንት እንደሚያስወጣህ አስቀድመህ ጽፈህ ከያዝክ ነው።

የራስህን አውቶሪቲ (በራስህ ስም ጭነት የማመላለስ ፈቃድ) ማውጣት ቀላሉ ነገር ነው። ማመልከቻው 300 ዶላር ነው። ካስገባህ በኋላ ግን ስልክህ ዕረፍት ያጣል። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ሻጩ ሁሉ ቁጥርህን ያገኘዋል። አንዳንዱ የመንግሥት ሠራተኛ ይመስል «ከዲኦቲ ነው፣ ዛሬ ካልከፈልክ ይዘጋብሃል» ይልሃል። ካርድ ቁጥር እንዳትሰጥ። የሚያስፈልገውን ራስህ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ትከፍላለህ። አንድ ነገር ግን በፍጹም እንዳትዘል፦ የአልኮልና የዕፅ ምርመራ ፕሮግራም። ብቻህን የምትነዳ ብትሆንም ኮንሶርቲየም ውስጥ መግባት ግዴታህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሚመጣው የሴፍቲ ኦዲት ይህን ካጣ ሌላው ወረቀትህ ቢያምርም ይጥልሃል።

ኢንሹራንሱስ? ለተራ ጭነት ሕጉ የሚጠይቀው የ750,000 ዶላር ሽፋን ነው፤ ብሮከሮቹ ግን በአብዛኛው አንድ ሚሊዮን፣ ለጭነቱ ደግሞ 100,000 ይጠይቁሃል። ለአዲስ ኤምሲ (የአውቶሪቲው ቁጥር) ደግሞ ኢንሹራንሱ ውድ ነው። የሚያሳዝነው፣ ያን ሁሉ ከፍለህም ብዙ ብሮከር «ኤምሲህ ገና ወራት ነው» ብሎ ስልኩን ይዘጋብሃል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ሌላው የጣለውን ሎድ ስትለቅም ታሳልፋለህ።

ለዚህ ነው መጀመሪያ በሌላ ካምፓኒ አውቶሪቲ ሥር ግባ የምለው። እዚህ ላይ የእኛው ጉድ ይመጣል። ካምፓኒው የአበሻ ከሆነ «በእኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል» ይባላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይጨባበጣል። ወረቀት ያደርጋል! የፌዴራሉ ሕግ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። የጭነት ወረቀትህን ካስረከብክ በ15 ቀን ውስጥ ሊከፈልህ ይገባል። በፐርሰንት የምትሠራ ከሆነ ሎዱ በስንት እንደተያዘ የሚያሳየውን ሰነድ የማየት መብት አለህ። መያዣ ብለው ከቆረጡብህ፣ ውሉ ባለቀ በ45 ቀን ውስጥ ተሰልቶ ይመለስልሃል። «3,200 የነበረውን ሎድ 2,600 ነው ብለው ቆረጡኝ» ብሎ የሚያለቅስ ሰው ሰምቻለሁ። ሰነዱን ጠይቆ ግን አያውቅም፤ ይሉኝታ ያዘው።

ካምፓኒው ራሱ ትራኩን በሊዝ ሸጦልህ፣ ሎዱንም ራሱ እየሰጠህ፣ ክፍያውን ከሳምንትህ ላይ የሚቆርጥ ከሆነ ግን ሽሽ። ኮንግረስ ያቋቋመው ግብረ ኃይል ጉዳዩን መርምሮ በ2025 መጀመሪያ ላይ ይህ አሠራር እንዲከለከል መክሯል።

ትራኩን ስታይ ክሮሙን አትይ። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ፍታና ገልብጠህ ቀዳዳው ላይ አስቀምጠው። እየዘለለ ከወደቀ ሞተሩ ውስጡ ተበልቷል፤ ሻጩ «ትንሽ ነው» ቢልህም አትስማው። ዘይቱን ለላብራቶሪ መላክ ብዙ አያስወጣም። ዲፒኤፉ (የጭሱ ማጣሪያ) በስንት ሰዓቱ ሪጄን እንደሚያደርግ፣ ማለትም ራሱን እንደሚያጸዳ፣ በኮምፒውተር አስነብብ፤ አሮጌ ትራክ መንገድ ዳር የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ የጭሱ ሲስተም ነው። ጊዜውንም እይ። 2021 ላይ ሎድ ጣሪያ ሲነካ በጣሪያው ዋጋ ትራክ የገዙት፣ 2022 ላይ የሎዱ ዋጋ ሲወርድና ናፍጣ ከ5 ዶላር ሲያልፍ ክፍያው አልወረደላቸውም። ብዙዎቹ ቁልፉን መልሰዋል።

እንግሊዝኛህን ደግሞ አትናቅ። ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ መንገድ ላይ ለኢንስፔክተሩ በእንግሊዝኛ መመለስ ካልቻልክ እዚያው ያቆምሃል። የኢንስፔክተሩን ጥያቄና መልስህን ቤት ውስጥ ተለማመድ፤ ከየት ተነሳህ፣ ምን ጫንክ፣ ሎግህን አሳየኝ።

ሦስት ወር ያለ ሎድ የሚያቆይ ገንዘብ ከዳውን ፔይመንቱ ውጭ ከሌለህ ዘንድሮ አትግዛ፤ ሌላ እቁብ ጠብቅ። ካለህ ግን ግባበት። የምትፈርመውን ውል ሁሉ አስቀድመህ ለሚያነብልህ ሰው አሳይ፤ እኔ የማስፈርምህንም ጭምር።